የጠገራ ብር ጥቍረት ምን ይመሰክራል?

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ብር የሚለው ቃል በቋንቋችን ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ከምድር ተቈፍሮ የሚወጣው ነጭ ማዕድን ነው፤ ሁለተኛው የምንገበያይበት ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ወረቀት ከሆነ ብዙ ዘመን አልፎት ሳለ እስከ ዛሬ በማዕድኑ ስም መጠራቱ፥ አባቶቻችን ዋጋን በእጃቸው እየመዘኑና በዐይናቸው እየመረመሩ ይቀበሉ የነበረበት ዘመን በቃሉ ውስጥ ተቀምጦ መቅረቱን ያስረዳል። የዚያ ዘመን ገንዘብ ደግሞ በስም ብቻ አልቀረም። በየቤቱ ሳጥን ውስጥ፥ በእናቶች የአንገት ጌጥ ላይ፥ በመርካቶም የጥንት ዕቃ በሚሸጥባቸው ሱቆች መስተዋት ሥር ዛሬም ይገኛል።

በዚህ ንግግራችን የምንመለከተው የዚህን የቈየ ገንዘብ መልክ ነው፤ ይኸውም ብር ሲያረጅ የሚይዘው ጥቍረትና ኅብረ ቀለም ከምን እንደሚመጣ፥ ለታሪክም ምን ምስክርነት እንዳለው ነው። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ከአያቱ የወረሰውን ጠገራ ጠቍሮ ያገኘ ሰው፥ ጥቍረቱን እንደ እድፍ ቈጥሮ በሎሚና በአመድ ወይም በጥርስ ሳሙና ሲፈትግ፥ ያነጻ እየመሰለው የተጻፈበትን ብራና ይፍቃል። የፋቀውንም ገጽ መልሶ የሚጽፍለት ሰው አያገኝም።

ይህን ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ገንዘቡ ታሪክ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። ጠገራ ወይም ማርትሬዛ እያልን የምንጠራው ብር መነሻው የአውስትሪያ መንግሥት ነው። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1740 እስከ 1780 ገዝታለች፤ ስሟና መልኳ ያለበት ይህ የብር ገንዘብ መሠራት የጀመረው በ1741 ነው። ባሏ በ1765 ከሞተ በኋላ በብሩ ላይ የምትታየው በመበለት ሻሽ ተከናንባ ነው። እርሷም በ1780 በኖቬምበር ወር በ29 ቀን ዐረፈች። ነገር ግን ብሩ በቀይ ባሕር ዙሪያ በሚነግዱ ሰዎች ዘንድ እጅግ የታመነ ስለ ነበረ፥ ሠሪዎቹ ዓመቱን ሳይለውጡ ማተሙን ቀጠሉ። ከዚያ ወዲህ የወጣው ሁሉ 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበት ነው፤ ጠቅላላ ቍጥሩም ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

የጠገራው ክብደት 28 ግራም ያህል ሲሆን ከዚህ ውስጥ 23 ነጥብ 4 ግራም የሚሆነው ንጹሕ ብር ነው፤ የቀረው መዳብ ነው። በጠርዙ ዙሪያ በላቲን ቋንቋ «በፍትሕና በርኅራኄ» የሚል ትርጕም ያለው ቃል ጐልቶ ተጽፎበታል። ይህም ጽሕፈት ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ ከጠርዙ ላይ ብር እየፋቀ የሚሰርቅ ሰው ጽሕፈቱን ሳያበላሽ ሊፍቅ ስለማይችል፥ ተቀባዩ ጠርዙን በጣቱ ዳስሶ ጕድለቱን ያውቅ ነበር። የአገራችንም ገበያተኛ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የዕንቍ ጌጥ ሳይመረምር ብሩን አይቀበልም ነበር፤ ዕንቍዎቹ ተፍቀው ከጠፉ «ይህ አይሄድም» ብሎ ይመልሰው ነበር።

ይህ ገንዘብ በኢትዮጵያ ምን ያህል የታመነ እንደ ነበረ አንድ ታላቅ ማስረጃ አለ። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ በዘመተ ጊዜ፥ በገበያው ተቀባይነት ያለው ሌላ የውጭ ገንዘብ ባለመኖሩ በሚሊዮን የሚቈጠር ማርትሬዛ አስቀድሞ ማሰባሰብ ግድ ሆኖበታል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክም በ1885 ዓ.ም. በስማቸውና በመልካቸው የተቀረጸ ገንዘብ እንዲወጣ ዐወጁ። በፓሪስ ከተማ የተሠራው ብር በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱን መልክ፥ በሌላው ወገን አንበሳውን ይዞ፥ 1887 ዓ.ም. የሚል ዓመት ተጽፎበት መጣ። ክብደቱና ጥራቱ ከጠገራው ጋር የተስማማ ነበረ፤ ከእርሱም በታች አላድ፥ ሩብ፥ ተሙንና ግርሽ ነበሩ። ሆኖም የገጠሩ ሰው ከለመደው ከማርትሬዛ ፈጥኖ አልተለየም። በ1937 ዓ.ም. ሐምሌ ወር አዲሱ የወረቀት ገንዘብ በታወጀ ጊዜ እንኳ፥ ብር የለመደው ሕዝብ እንዲያምነው 1936 ዓ.ም. የሚል ዓመት ያለበት፥ ከብር የተሠራ ባለ 50 ሳንቲም አብሮ ወጥቷል።

እንግዲህ ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው። የምኒልክ ብር ዓመቱን በግልጥ ይናገራል። ማርትሬዛው ግን አይናገርም፤ የአያታችንም የቅድመ አያታችንም ብር፥ ትናንት የተሠራውም ጭምር፥ ሁሉም 1780 ይላል። ይህም አለመናገሩ ቀላል ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ፥ ጠገራውን የማተም መብትና የማተሚያውን ቅርጽ ከአውስትሪያ መንግሥት ለ25 ዓመት ተቀብሎ በሮማ ያሳትም ጀመር። ከዚህም በኋላ በለንደን፥ በፓሪስ፥ በብራስልስ፥ ቈይቶም በቦምቤይና በበርሚንግሃም ተሠርቷል። እንግዲህ አንድ ገበሬ እህሉን ሸጦ ለልጁ ማጫ ያስቀመጠው ብርና፥ ንግሥቲቱ ከሞተች ከ155 ዓመት በኋላ አገሩን ለመውጋት የተሠራው ብር አንድ ፊት፥ አንድ ስም፥ አንድ ዓመት ይዘው በአንድ ከረጢት ውስጥ ሊገኙ ይችላሉ።

መርካቶም ራሱ የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ጊዜ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን፥ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የነበረው ትልቁ የአገሬው ገበያ ወደ ምዕራብ፥ ወደ አዲስ ከተማ እንዲዛወር ተደረገ፤ ስሙም ከጣሊያንኛ ቀረ። ያን ጊዜ የወራሪው መንግሥት ጠገራውን ሰብስቦ በሊራ ለመተካት ቢጥርም፥ ሕዝቡ የወረቀቱን ገንዘብ ስላላመነ ብሩን ከቤቱ አላወጣም። በእንስራና በገንቦ አድርጎ የቀበረም ብዙ ነው።

በመሥሪያ ቤት የምትሠሩ አድማጮቻችን እንደምታውቁት፥ ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ በመዝገብ ቤት ሲገኝ፥ ዐዋቂ የሆነ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ወረቀቱን አይጥለውም። የወረቀቱን መልክ፥ የቀለሙን ዐይነት፥ የታጠፈበትን መሥመር፥ ከየትኛው መዝገብ ጋር ታስሮ እንደ ነበረ ይመለከታል። ማርትሬዛም እንዲሁ ትክክለኛ ቀን እንዳልተጻፈበት ደብዳቤ ነው። በየት ከተማ እንደ ተሠራ የሚታወቀው በጥቃቅን ነገር ነው፤ በዕንቍዎቹ አቀማመጥ፥ በንስሩ የጅራት ላባ፥ በፊደሎቹ ቅርጽ ነው። ከተሠራ በኋላ የት እንደ ኖረ የሚታወቀው ደግሞ በገጹ ላይ በያዘው ቀለም ነው። ፍትጊያ ሁለቱንም ያጠፋል።

አሁን ደግሞ ቀለሙ ከምን እንደሚመጣ እንመልከት። ብር እንደ ብረት አይዝግም፤ ወርቅም ደግሞ ምንም ሳይለወጥ እንደሚኖረው ሆኖ አይኖርም። ብርን የሚለውጠው በተለይ ድኝ ነው። በአየር ውስጥ ከድኝና ከሃይድሮጅን የተዋሐደ ጋዝ እጅግ በጥቂቱ ይገኛል፤ የተበላሸ ዕንቍላል የሚሸተው ይኸው ጋዝ ነው። ከድንጋይ ከሰል ጢስ፥ ከሱፍ፥ ከጎማ፥ ከአንዳንድ ቆዳና ወረቀትም ድኝ ያለበት እንፋሎት ይወጣል። ይህ ድኝ ከብሩ ገጽ ጋር ሲገናኝ አዲስ ነገር ይሠራል፤ እርሱም ጥቍር ነው። እርጥበት ሲኖርበት ሥራው ይፈጥናል። በውስጡ ያለው መዳብም በበኩሉ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ቡናማና አረንጓዴ መልክ ይጨምርበታል።

ብዙ ሰው የሚያስደንቀው ግን ብር ከመጥቈሩ በፊት ቢጫ፥ ቀይ፥ ሐምራዊና ሰማያዊ ሆኖ መታየቱ ነው። ይህ ቀለም የቀለም ቅብ አይደለም። በብሩ ላይ የሚያድገው ሽፋን መጀመሪያ እጅግ ቀጭን ነው፤ ውፍረቱም በሚሊሜትር ዐሥር ሺኛ ክፍልፋይ የሚለካ ነው። ብርሃን ሲወድቅበት ከፊሉ ከሽፋኑ ላይ፥ ከፊሉ ከሥሩ ካለው ብር ላይ ይመለሳል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዳንዱ የብርሃን ቀለም ይጠፋፋል፤ የተረፈው ደግሞ ለዐይናችን ይታያል። ከዝናብ በኋላ በመንገድ ውኃ ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ቀስተ ደመና መስሎ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽፋኑ ሲወፍር ቀለሙም በተራ ይለወጣል፤ መጀመሪያ የገለባ ቢጫ፥ ቀጥሎ ወርቃማ፥ ከዚያ ቀይና ሐምራዊ፥ ከዚያም ሰማያዊ ይሆናል። እየወፈረ ሲሄድ በመጨረሻ ግራጫና ጥቍር ይሆናል። ይህን ተራ ማወቅ ይጠቅማል፤ በኋላ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ብሩ የኖረበት ስፍራ በገጹ ላይ ይነበባል ስንል እንዲህ ማለታችን ነው። በጨርቅ ተጠቅልሎ በሳጥን የኖረ ብር ከጠርዙ ወደ መካከሉ እየቀለለ የሚሄድ ቀለም ይይዛል፤ አየሩ በመጀመሪያ የሚያገኘው ጠርዙን ነውና። ተደርድሮ በጥቅል የተቀመጠ ብር ከሆነ፥ በሁለቱ ጫፍ የነበሩት አንድ ገጻቸው ሲጠቍር በመካከል የነበሩት ነጭ እንደ ሆኑ ይቀራሉ። በእናት አንገት ላይ የኖረው ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ከቆዳና ከልብስ ጋር ሲታሽ የንግሥቲቱ ጕንጭና የንስሩ ደረት ነጭ እየሆኑ ይልሳሉ፤ ቅቤና ላብ፥ የቤቱም ጢስ የተጠራቀመበት ጐድጓዳው ግን ጠቍሮ ይቀራል። ማንጠልጠያ ቀለበት ከተበየደበት ወይም ከተበሳም የጌጥነቱ ምስክር ነው። ተቀብሮ የኖረ ብር ደግሞ ኅብረ ቀለም የለውም። በምድር ውስጥ ያለው ጨው ከብሩ ጋር ተዋሕዶ የደነዘዘ ግራጫ ቅርፊት ያበጅበታል፤ ከመዳቡም የሚወጣው አረንጓዴ ይታይበታል። አንዱ ስለ ቍጠባ፥ አንዱ ስለ ጌጥ፥ አንዱም ስለ ፍርሃትና ስለ ወረራ ዘመን ሊነግረን ይችላል።

የዚህ ነገር ምሳሌ በራሳችን ጥንታዊ ገንዘብ ላይም አለ። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ድረስ ከወርቅ፥ ከብርና ከነሐስ ገንዘብ አሠርተዋል። ከብሮቹ አንዳንዶቹ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ወርቅ ተለብጦባቸዋል፤ ይህም በዓለም የገንዘብ ታሪክ እጅግ ብርቅ የሆነ ጥበብ ነው። በምድር ውስጥ ብዙ መቶ ዓመት ከኖሩ በኋላ ሲገኙ ብሩ ጠቍሮ ወይም ተበልቶ፥ ወርቁ ግን እንደ ተለበጠበት ቀን እያበራ ይታያል። በዙሪያው ያለውን ጥቍረት በኀይል የሚፍቅ ሰው ስሱን ወርቅ አብሮ ሊያነሣው ይችላል።

ነገር ግን ከሚገባው በላይ እንዳንናገር መጠንቀቅ አለብን። የብር ጥቍረት ዓመት የሚቈጥር ሰዓት አይደለም። አንድ ብር በደረቅ ስፍራ መቶ ዓመት ነጭ ሆኖ ሊኖር፥ ሌላው በአንድ ክረምት ሊጠቍር ይችላል። ስለዚህ ጠቍሯልና ጥንታዊ ነው፥ ነጭ ነውና አዲስ ነው ማለት ስሕተት ነው። ቀለሙ ምስክርነት የሚኖረው ከክብደቱ፥ ከቅርጹ፥ ከሁሉም በላይ ከባለቤቱ ቃል ጋር ሲስማማ ነው።

ይህን ሐቅ የማያውቅ ገዢ በቀላሉ ይታለላል። 1780 የሚለው ብር በቪየና ከተማ ዛሬም ለሰብሳቢዎች ይሠራል፤ እርሱን በድኝ አጥኖ ወይም ከተቀቀለ ዕንቍላል ጋር ዘግቶ በጥቂት ቀን ማጥቈር ይቻላል። የውሸቱን ቀለም ለመለየት ግን ቀድሞ የተናገርነው ተራ ይረዳል። በዘመን ብዛት የመጣ ቀለም ብዙውን ጊዜ ተራውን ጠብቆ፥ ቢጫው ወደ ቀይ፥ ቀዩ ወደ ሰማያዊ ቀስ እያለ ይሸጋገራል፤ ብሩን ወደ ብርሃን አዘንብለን ስናዞረው የማተሚያው ውበት ከሥሩ ያበራል። በችኰላ የተሠራው ግን ድንገት ይጀምራል፥ ድንገት ያልቃል፤ ከሥሩም ብርሃን የለውም። ከቀለሙ ሥር በአንድ አቅጣጫ የተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች ቢታዩ፥ ብሩ አስቀድሞ ተፈትጎ በኋላ እንደ ጠቈረ ያስረዳሉ። ከርካሽ ብረት የተቀዳ የምኒልክ ብር ሲያጋጥም ደግሞ ሚዛን ይፈርዳል፤ 28 ግራም የማይመዝን ያጠራጥራል፤ ማግኔት የሚስበው ከሆነም ብር አይደለም።

የፍትጊያው ጕዳት ምን እንደ ሆነ አሁን ግልጥ ይሆናል። ጥቍረቱ ከውጭ መጥቶ የተለጠፈ እድፍ ሳይሆን ከብሩ ከራሱ የተሠራ ስለ ሆነ፥ እርሱን ማንሣት ብሩን ማንሣት ነው። አመዱና አሸዋው ይልቁንም ጐልተው የተቀረጹትን ዕንቍዎችና ፊደሎች ያልሳል። የታተመበትን ከተማ የምናውቅበት ምልክት በዚያው ይጠፋል። በገንዘብም ረገድ ቢሆን ትርፍ የለውም፤ ነገሩን የሚያውቅ ሰብሳቢ ለተፈተገ ብር የሚከፍለው ላልተነካው ከሚከፍለው ያነሰ ነው። ቸግሮት ጠገራውን ለመሸጥ ወደ መርካቶ የሚሄድ ሰው፥ ዋጋ ይጨምርልኛል ብሎ ሌሊቱን ሲፈትግ ቢያድር በገዛ እጁ ዋጋውን ሲቀንስ አደረ ማለት ነው።

በዚህ አንጻር አንድ ነገር መለየት ይገባል። በየዕለቱ የሚያዝ መስቀል፥ ለሰርግ የሚደረግ ድሪና አልቦ እንዲያበራ ሆኖ የተሠራ ስለ ሆነ ማጽዳቱ ነውር የለበትም። አንጥረኞቻችንም ጠገራውን እያቀለጡ መስቀልና ጌጥ ሲሠሩ የኖሩት በደንብ ነው፤ ብዙው የአገራችን የብር ጌጥ የተገኘው ከዚሁ ገንዘብ ነው። ያን ጊዜ ግን ጠገራው እንደ ልብ የሚገኝ ገንዘብ ነበረ። ዛሬ በግራም ተመዝኖ የሚቀልጠው ብር ከቤተ ሰቡ የወጣ የመጨረሻው ምስክር ሊሆን ይችላል። አንጥረኛው ከ23 ግራም ብር በላይ ምንም አያገኝበትም፤ ቤተ ሰቡ ግን ከዚያ የበለጠ ያጣበታል።

ስለዚህ በቤቱ ጠገራ ወይም የምኒልክ ብር ያለው ሰው ሊያደርገው የሚገባው ቀላልና ወጪ የሌለው ነገር ነው። ብሩን በጠርዙ ይያዝ፤ አይፈትገው፤ አይብሳው። በጎማ አይሰረው፤ በሱፍ አይጠቅልለው፤ እየቈየ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ነገር በሚያወጣ ለስላሳ ፕላስቲክም ውስጥ አያኑረው። ንጹሕና ደረቅ በሆነ የጥጥ ጨርቅ አድርጎ እርጥበት ከማይደርስበት ስፍራ ያስቀምጠው። ቅርፊቱ ቢከፋ ወይም አረንጓዴው ቢስፋፋ በሙያው ለተማሩ ያሳይ። ከሁሉም በላይ አያቱ ወይም እናቱ በሕይወት ሳሉ ብሩ ከማን እንደ መጣ፥ በየት አገር እንደ ነበረ፥ ተቀብሮ ወይስ በአንገት ታስሮ እንደ ኖረ ጠይቆ በቍራጭ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ወረቀቱንም ከብሩ ጋር ያኑር። ቀለሙ ያለ ቃል ግማሽ ምስክር ነው፤ ቃሉም ያለ ቀለሙ እንዲሁ።

በስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መዘክር የአገራችን ገንዘቦች ተሰብስበው ይገኛሉ። በዚያ የተቀመጡትን የተመለከተ ሰው፥ የየዘመኑን ታላላቅ ሥራ ከገንዘቡ ቅርጽ ይማራል። የተራውን ሰው ታሪክ ግን፥ እህል የሸጠውን፥ ማጫ የሰጠውን፥ ከወራሪ የሸሸገውን ሰው ታሪክ የሚነግሩት በየቤታችን የቀሩት ጥቍር ብሮች ናቸው። እነዚህም ማርያ ቴሬዛን እንጂ ባለቤታቸውን በስሙ አይጠሩም። የባለቤታቸው ስም የቀረው በልጆቹ ቃል፥ እጁም የቀረው በዚያ ጥቍረት ላይ ነው።

የነገ ሰው ብሩን ይዞ «ይህ የማን ነበረ?» ብሎ ሲጠይቅ፥ መልስ የሚያገኘው እኛ ዛሬ እጃችንን ከሎሚውና ከአመዱ ከሰበሰብን ነው።